ሁለት ሴንቲ ውሃ

ሬሳ መኖሩን ያሳበቀው ነጠላ ጫማ ነው። ዘበኛው አቶ ኦልጅራ በማለዳ ውሃ ሊቀዱ ባልዲያቸውን ወደ መሬት ውስጥ ታንከሩ ቢያወርዱ፣ ባልዲው አንድ ጫማ ይዞ ወጣ። ባትሪ አምጥተው ሲያበሩ ከታች የተኛው ዘአማኑኤል ነበር፤ በግቢው አንዲት ክፍል ተከራይተው ከሚሠሩት ሦስት ወጣቶች አንዱ፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመቱ መሐንዲስ።

ኢንስፔክተር በላይነሽ አቃቂ የደረሰችው በባጃጅ ነው። የጣቢያው መኪና ከቆመ አራተኛ ቀኑ ሲሆን፣ ለእሷ ደግሞ ይህ የሳምንቱ ሦስተኛ ሬሳዋ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ቁርስ አልቀመሰችም። ሟች ግን የመርማሪን ጉልበት አይቶ አይሞትም።

የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ያለምወርቅ ገና በሩን ሳታልፍ ፍርዱን ሰጧት።

«ጥፋቱ የዘበኛው ነው! ትናንት ውሃ ሲመጣ ክዳኑን ከፍቶ ሄደ፤ ልጁ ገባበት። እሰሩልኝ!»

በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ የታንከሩ ክዳን ይከፈታል፣ ሲሞላ ይዘጋል። ትናንት በስድስት ሰዓት ተኩል መጥቶ በዘጠኝ ሞላ። ልጁ በዚያ መካከል ከወደቀ፣ ሽማግሌው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ይጠየቃሉ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ወህኒ ከወረዱ በእግራቸው እንደማይወጡ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

«ክዳኑ ጋ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ልጄ» አሉ ኦልጅራ። «ከተከፈተ እስኪዘጋ አልተነሳሁም። ግን ማን ያምነኛል?»

«ጠዋትስ የት ነበሩ?»

«ትናንት ወሩ አምስት አይደል? ሳሪስ አቦ ሄጄ በስድስት ሰዓት ተመለስኩ፤ ክዳኑም እንደተዘጋ ነው ያገኘሁት። በየወሩ ነው የምሄደው፤ ልጆቹም ያውቃሉ።»

በላይነሽ አመነቻቸው። ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታምንም ስትሳሳትም ኖራለች።

ከታንከሩ አፍ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንዲት የፕላስቲክ ሣጥን ተሰክታለች፤ ሽቦዋ ወደ ውስጥ ይወርዳል። የሦስቱ ወጣቶች ታናሽ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዋ ማርቲ፣ ባበጠ ዓይኗ እያየች አራት ብሎኖች ፈትታ ከፈተችላት።

«ሙከራችን ነው። የጀማሪ ኪት ይባላል፤ ክፍሎቹን እንደ ልጅ መጫወቻ እየገጣጠሙ የፈለጉትን ይሠሩበታል። ይሄ ዋናው ሰሌዳ ነው። ይሄኛው ሴንሰሩን ይዞ የውሃውን ከፍታ በየደቂቃው ይለካል። ይሄ ሲም ካርድ ያለበት ደግሞ ሴሉላሩ ነው፤ በየዐሥር ደቂቃው ስልኬ ላይ ይልካል።»

ሰሌዳዎቹ የክብሪት ቀፎ ያክላሉ። በላይነሽ ሴሉላሩን ሳበችው፤ እንቢ አለ። ማርቲ በጥፍሯ መቆለፊያውን ስትጫን ቀጭ ብሎ ወጣ።

«በራሱ ይወልቃል?»

«ኧረ! ትናንት ግን ወልቆ ነበር። ከአራት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ መልእክት አልመጣም። እኔ ኔትወርክ መስሎኝ ተውኩት። በስምንት ሰዓት ነቢዩ ከሐዋሳ ሲገባ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ ‹ሴሉላሩ ወልቋል› ብሎ ብሎን መፍቻ ይዞ ወጣ፤ መለሰው።»

«አንቺ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ቤት። ራሴን አሞኝ ነበር፤ በሰባት ሰዓት ነው የመጣሁት። ዘአማኑኤል መርካቶ ሽቦ ሊገዛ የሄደ መስሎኝ… ቤት ብቻዬን ነበርኩ። የሚመሰክርልኝ ሰው የለም።»

«ይሄን ሣጥን ማን ይከፍታል?»

«ሦስታችን። አባባ ኦልጅራ እንኳን ሊከፍቱት፣ ይነዝራል ብለው አጠገቡም አይደርሱም።»

ሦስተኛው ሸሪክ ነቢዩ በክፍላቸው ውስጥ ተቀምጧል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደ ሸሚዙ ነው።

«ሐዋሳ ሁለት ሳምንት ቆየሁ፤ ሥራችንን ለማሳየት ተጋብዤ። ትናንት ጠዋት ተሳፍሬ በስምንት ሰዓት ገባሁ።»

«ትኬቱ አለህ?»

«ትኬት ማን ያስቀምጣል፣ ኢንስፔክተር?»

«ያቺ ሣጥን የምትነግረን ነገር ይኖር ይሆን?»

ነቢዩ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ምንም። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ተቋርጣ ነበር። ያልተላከ መረጃ ጠፋ ማለት ነው።»

በላይነሽ «ጠፋ» ብላ ጻፈችና ወደ ማርቲ ተመለሰች።

«ሳይላክ የቀረ ይጠፋል?»

«ድሮ ይጠፋ ነበር። እዚህ ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ስላስቸገረን፣ ባለፈው ሳምንት ከዘአማኑኤል ጋር አስተካከልነው። አሁን ዋናው ሰሌዳ ያስቀምጥና ኔትወርኩ ሲመለስ ይዘረግፈዋል።»

«የትናንቱስ?»

ማርቲ ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ በተመለሰ ቁጥር መልእክት ስለሚጎርፍ ድምፁን አጥፍታ ሳትከፍተው ቀርታለች። አብረው አነበቡት። ማርቲ አፏን ያዘች፤ በላይነሽ የምትቀመጥበት ፈለገች።

«ዘአማኑኤል የተጣላው ሰው ነበር?»

«ከነቢዩ ጋር፣ በስልክ። ሐዋሳ ላይ ሥራውን የብቻዬ ነው ብሎ አቅርቦት ኖሯል። ዘአማኑኤል አርብ የጋበዘው ኮሚቴ ፊት እናገራለሁ ብሎት ነበር።»

ሬሳው ከወጣ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በታንከሩ ዙሪያ ቆሙ። ሳጅን ጉዲሳ ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካኖች ጢም አድርጎ ሞልቶ በገመድ አስሯል።

«ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ነው?» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«ማርቲ፣ ከፍታው ስንት ነው?»

«ሦስት መቶ ሴንቲ።»

ጉዲሳ ጀሪካኖቹን እስኪሰምጡ አወረዳቸው።

«አሁንስ?»

«ሦስት መቶ ሁለት።»

«ስልሳ ሊትር ሲገባበት ውሃው ሁለት ሴንቲ ከፍ ይላል» አለች በላይነሽ በደከመ ድምፅ። «እንደ ዘአማኑኤል ያለ ቀጭን ሰው ሲገባበትም እንደዚያው። ትናንት ጠዋት አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ፣ ይህ ውሃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሁለት መቶ ዐሥር ወደ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ዘሏል። ቧንቧው ያኔ ደረቅ ነው። ስለዚህ ልጁ የገባው አቶ ኦልጅራ ክዳኑን ከመክፈታቸው ሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ እሳቸው ሳሪስ አቦ ቆመው እያሉ ነው።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ራሱ ከፍቶት ወድቆ ሊሆን ይችላላ» አለ ነቢዩ።

«እኔም እንደዚያ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር። ግን የሞተ ሰው ክዳኑን መልሶ አይዘጋም። ሴሉላሩም የተነቀለው ቢዘገይ አራት ከሃያ ላይ ነው፤ ልጁ ከመግባቱ ቢያንስ ዐሥራ አንድ ደቂቃ በፊት። አደጋ ቀጠሮ አይዝም። አንድ ሰው ያቺ ሁለት ሴንቲ በማርቲ ስልክ ላይ እንዳትታይ አስቀድሞ አፈናት። ከሰዓት የሚመጣው ውሃ ይሸፍናታል፣ ጥፋቱም ክዳን በሚከፍተው ዘበኛ ላይ ይወድቃል። ይህን ያሰበው የውሃውን ፈረቃም የአቦን ቀንም የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ታዲያ ማነው?» አሉ ያለምወርቅ፤ ድምፃቸው ቀንሷል።

«አቶ ኦልጅራ ሣጥኑን አይነኩም። ማርቲ ትከፍተዋለች፤ የሚመሰክርላትም የለም። ግን መረጃው እንዲቀመጥ ያደረገችው ራሷ ናት። እሷ ብትሆን ዋናውን ሰሌዳ ነቅላ ትወስድ ነበር እንጂ ሴሉላሩን ብቻ አትነቅልም። ይህን ስሕተት የሚሠራው ኪቱን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ባለፈው ሳምንት ግን እዚህ ያልነበረ ሰው ብቻ ነው። ‹ያልተላከ ጠፋ› ያልከኝ አንተ ነህ፣ ነቢዩ።»

«ይሄ ማስረጃ አይደለም።»

«እሺ። በአራት ብሎን የታሰረ ሣጥን ሳይከፈት፣ ውስጡ ምን እንደወለቀ በምን አወቅክ? ማርቲ እንኳ ኔትወርክ ነው ብላ ነበር። ስልክህስ? ትናንት ጠዋት ከሐዋሳ ይሁን ከአቃቂ የኔትወርክ ማማ ጋር እንደተገናኘ ይታወቃል። ለስልክ ድርጅቱ ደብዳቤ ተልኳል።»

ነቢዩ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው።

«በዋዜማው ነው የገባሁት» አለ። «ለመንኩት እኮ! በሰው ፊት ሌባ ሊያሰኘኝ… ሴንሰሩን እንየው አልኩት። ጎንበስ ሲል…»

ጉዲሳ ካቴናውን አወጣ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ኦልጅራን ሳያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ኦልጅራ በላይነሽን እስከ በሩ ሸኟት። ነፃ መሆናቸው ገና የገባቸው አይመስልም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። በሩ ላይ ብኖር እሰማው ነበር? ተጣርቶ ነበር?»

በላይነሽ በማርቲ ስልክ ላይ ያነበበቻቸውን ቁጥሮች አስታወሰች። ከአራት ሠላሳ አንድ እስከ አራት አርባ ሦስት ውሃው ሲናወጥ ቆይቷል፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

«አልተጣራም፣ አባባ። ወዲያው ነው ያለፈው።»

«ተመስገን» ብለው አማተቡ፤ ፊታቸው ፈታ አለ።

ባጃጅ ውስጥ ገብታ ዓይኗን ጨፈነች። ቁጥሮቹ ፍርድ ቤት ውስጥ ከክሱ መዝገብ አንድ በአንድ እንደሚነበቡ፣ ሽማግሌውም ምስክር ሆነው እዚያው ተቀምጠው እንደሚሰሙ የታሰባት ግን መንገዱ አጋማሽ ላይ ነው።