የዴክላን አውራ ጣት

«ወይኔ ማርኒ! ምን አድርገሻቸው ነው?» አለ ፊን።

ማርኒ ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የሳጥኑን ክዳን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። ሳጥኑ ውስጥ አርባ ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች ተደርድረዋል። ትናንት ከሰዓት ጠግናቸው ስትከድን ቀይ ካባና የሚያብረቀርቅ ሰይፍ ነበራቸው። ዛሬ ሁሉም ዱቄት የተነፋባቸው ይመስላሉ።

ወታደሮቹ የአክስቷ ልጅ የዴክላን ናቸው። በጨዋታ ክለባቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚያዋጋቸው፣ አንድ በአንድ በእጁ ቀለም የቀባቸው። ዴክላን ባለፈው ክረምት በካንሰር ሞተ። ቢኖር ዛሬ ዐሥራ ሰባት ዓመት ይሞላው ነበር። እናቱ ብሪጅት ቤት ስትቀይር የብዙዎቹ ክንድ ተሰበረ፤ «ካንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለም፤ ለልደቱ አድርሺልኝ» ብላ ሳጥኑን ለማርኒ ሰጠቻት።

«የሱፐር ግሉ ሙጫው ሳይደርቅ ከደንሽው አይደል?» አለ ፊን። የክለብ ጓደኛዋ ነው።

«የሰሜኑ ነፋስ አቧራውን ሁሉ ጋራዡ ውስጥ ሲያስገባው ምን ላድርግ?»

«ትነቱ መውጫ ሲያጣ እኮ ላያቸው ላይ ይጋገራል! ዴክላን ራሱ ስንቴ ጮኾብናል፤ ‹ሳጥኑን ከፍታችሁ አሳድሩ› እያለ።»

የማርኒ እንባ መጣ። «አክስቴ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ምን ልበላት?»

«ምንም አትበያት። በናትሽ አታካብጂ! ጥጥ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገሽ ስታሺው ይጠፋል። ካልጠፋም የአዲሱ ቤት እርጥበት ነው እንላታለን።»

እውነትም ነጩ ለቀቀ። ማርኒ ስድስቱን ከላይ እስከ ታች ወለወለቻቸው። ሰባተኛውን ልትወለውል ስትገለብጠው ግን እጇ ቆመ። መቆሚያው ሥር፣ ቀለም ያልነካው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ፣ ነጩ ነገር በቀጫጭን መስመሮች ተጠማዟል። የጣት አሻራ ነው፤ ትነቱ ጣት የተወው ወዝ ላይ ተጋግሮ አውጥቶታል።

«ያንቺ ይሆናል» አለ ፊን።

ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረገችው። አሻራውን መሀል ለመሀል የሰነጠቀ ባዶ መስመር አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዴክላን ፕላስቲክ ሲቀርጽ ምላጩ አምልጦት አውራ ጣቱን ቆርጦታል። ሦስት ቦታ ተሰፍቶ፣ «አሁን እኔም ቁስለኛ ወታደር ነኝ» እያለ ሰፈሩን ሁሉ ሲያሳይ ነበር የከረመው። ቀለም ሲቀባም ከሥር በዚያው ጣት ነበር የሚደግፋቸው።

ስምንተኛውን ገለበጠች። ዘጠነኛውን። እዚያም አለ። ከዚያ የወለወለቻቸውን ስድስቱን አየች። የመቆሚያቸው ሥር ጥቁር፣ ንጹሕ ነው።

«ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ጥረጊ እንጂ!»

«አልጠርግም።»

«አንቺ እንዳበላሸሽው ልታውቅ ነው እኮ!»

«ትወቅ።» የዘይቱን ጠርሙስ ከደነችው።

ብሪጅት የመኪናዋን ቁልፍ እንደያዘች ገባች። ሳጥኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን ሆኑ?»

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ። ሙጫው ሳይደርቅ ከደንኩባቸው። ጠርጌው ዝም ልልሽ ነበር።» ማርኒ ሰባተኛውን አነሣች። «ግን ይኼን እዪው።» ገልብጣ ሰጠቻት።

ብሪጅት መነጽሯን አደረገች። ጠባሳውን ስታየው ፊን ባቀረበላት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የራሷን አውራ ጣት ወደ አሻራው አስጠጋች፤ ግን አልነካችውም።

«የኔ ልጅ» አለች። ቆይታ ቀና አለች። «ሁሉም ላይ አለ?»

«ስድስቱን ጠርጌያቸዋለሁ። ይኼን ሳላይ።»

«ስድስት!» ድምፅዋ ቁጣም ለቅሶም ነበረበት።

ብሪጅት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ፊታቸውን አጽጂልኝ። የቀባውን ማየት እፈልጋለሁ። የመቆሚያቸውን ሥር ግን እንዳትነኪብኝ።»

ማርኒ ራሷን ነቀነቀች። የሳጥኑ አሮጌ ስፖንጅ መቆሚያቸውን ይፈትጋል። አውጥታ ጣለችውና አዲስ ስፖንጅ ላይ፣ ወታደሮቹ በጀርባቸው የሚተኙበትን፣ የመቆሚያቸውን ሥር ምንም ነገር የማይነካበትን ጉድጓድ መቅረጽ ጀመረች። አሻራው ላልጠፋባቸው ሠላሳ አራት ጉድጓድ ያስፈልጋታል። ፊን ክዳኑን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው።