የሥርጉት ልባስ

በሺህ ስምንት መቶ አርባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ከቦርከና ሜዳ እስከ ደጋን ዳገት ያለው አገር ዝናብ አጥቶ አመድ መስሎ ነበር፤ ሰዉ ግን ሰማዩን ማየት ትቶ ጆሮውን ወደ ሰሜን ጥሎ ነበር። አዲስ ንጉሥ ነግሦ ወሎን ሊያስገብር ይመጣል የሚለውን ወሬ ነጋዴው ሁሉ ከአሞሌው ጋር ጭኖት ይወርዳል፤ የወሎም መኳንንት ነጋሪት እያስመቱ፣ ነፍጥ ያለው ነፍጡን፣ የሌለው ጦርና ጋሻውን ይዞ ቦሩ ሜዳ እንዲሰለፍ አዋጅ አስነግረው ነበር።

በዚያ ዘመን በደጋን አፋፍ ጥበቡ የሚባል ነፍጥ ጠጋኝ ይኖር ነበር። ባለ ባልጩት ነፍጥ ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ቢያምር፣ ነፍሱ ያለችው በቀኝ ጎኑ በተበሳች አንዲት የእሳት ቀዳዳ ነው፤ ባልጩቱ ብረቱን ሲመታ የሚፈናጠረው እሳት በውጭ ያለውን ጥቂት ባሩድ ያነድዳል፤ ነበልባሉም በዚያች ቀዳዳ ገብቶ የውስጡን ይቀሰቅሳል። ቀዳዳዋ በተኩስ ብዛት ተበልታ ስትሰፋ እሳቱ በጎን ያመልጣል፤ ጥይቱም እንደ ሰካራም ሁለት እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። ያን ጊዜ የተበላውን ቆርጦ ሌላ ብረት ማልበስ፣ በልባሱም መካከል የጃርት እሾህ ጫፍ ብቻ የምታሳልፍ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል። አገሩ ይህን ሥራ የጥበቡ ልባስ ይለው ነበር። ውሸት ነው። የጥበቡን ዓይን ፍምና ጢስ ከበላው ቆይቷል፤ ልባሱን የምትመርጠው፣ የምትበሳውና የምታገባው ሚስቱ ሥርጉት ነበረች።

ብረትን በብረት አታለብስም፤ ዝገት ሁለቱንም ይበላልና። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለሚውል ነፍጥ ነሐስ ትሰጠዋለች፤ ለሚዘምት ነፍጥ ግን ከጠገራ ብር ቆርጣ ታለብሰዋለች፤ ንጹሕ ብር ይለሰልሳል፣ ጠገራው መዳብ ስላለበት እሳት ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው አገባቧ ነበር፤ የነፍጡን የኋላ መዝጊያ ፈትታ፣ ልባሱን ወደ ውስጥ ሰፊ፣ ወደ ውጭ ጠባብ አድርጋ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ታስገባዋለች። እንዲህ የገባ ልባስ ባሩዱ በፈነዳ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ከውጭ በመዶሻ መትቶ መሸጎር ይቀላል፤ ስንፍና መቼም ቀላል ነው። ደንበኛ ሲመጣ መዶሻውን ለባሏ አስጨብጣ እሷ ወናፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ምስጋናውን እሱ ይቀበላል፣ ጢሱን ሁለቱም ይውጣሉ።

ሥርጉት ነፍሰ ጡር ልጇን ሰርካዲስን ልትጠይቅ ቦርከና ማዶ በወረደችበት ቀን፣ ባላምባራስ ኪዳኑ ነፍጣቸውን በአሽከር አስይዘው መጡ፤ የቦሩ ሜዳው ሰልፍ ስለ ደረሰ ዛሬውኑ ካልለበሰልኝ አሉ። ጥበቡ ሚስቴ እስክትመለስ ይታገሡኝ ማለት ነበረበት። ወንድ ይህን ከሚናገር ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። በዳሰሳ ሠራው፤ ባላምባራስም አመስግነውት ሄዱ።

ሥርጉት ስትመለስ ደጃፉ ላይ የነሐስ ፍቅፋቂ አየች፤ መዝጊያ መፍቻው ግን ከተሰቀለበት አልወረደም።

«የኋላውን ፈታኸው?» አለችው።

«እኔ አይደለሁ ያስተማርኩሽ?» አላት ፊቱን ወደ ፍሙ አዙሮ።

በቅሎ አስጭና፣ ያ ነፍጥ እንዳይተኮስ ብላ መልእክተኛ ልትልክ ትችል ነበር። ባሏን በመኳንንት ፊት ማዋረድ መሰላትና ተወችው፤ ዝምታዋንም ደግ ሚስትነት አድርጋ ቆጠረችው። ስንቱ ቤት የፈረሰው በደግ ሚስት ዝምታ ነው።

በቦሩ ሜዳ ባላምባራስ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ልባሱ በጎን ተስፈንጥሮ ወጣ፤ በቀኛቸው የቆመውን ሙዓዝ የሚባለውን የደጋን ነጋዴ ከጆሮው ሥር መታው። የዐስር ሶላት ሳይሰገድ አረፈ። ገላውን ያጠቡት ሰዎች የጥፍር የምታህል ነሐስ ከአንገቱ አወጡ።

የሟች ታላቅ ወንድም ፉርቃን ጉማ የሚባለውን የደም ካሳ አልቀበልም፣ ደሜን በደም እመልሳለሁ ብሎ ማለ። ባላምባራስ ኪዳኑ ደግሞ እኔ የተኮስኩት ሰማዩን ነው፣ ብረቱ የወጣው ከቀጥቃጩ ሥራ ነው ብለው እጃቸውን ታጠቡ። ደም እንደ ውሃ ነው፤ ዝቅ ወዳለው ቤት ይወርዳል። ጦር በደጅ ሳለ በሰፈር ውስጥ ደም እንዳይፈላለግ የፈሩት መኳንንትም ነገሩን ለአባጋር ሰጡት፤ አባጋር የሚባለው በወሎ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው፤ የዚያ አገር አባጋር ሼህ ዘካሪያ ነበሩ።

ጉባኤው ቦርከና ዳር ተቀመጠ፤ ለዘመቻ የተሰበሰበው ባለ ነፍጥ ሁሉ ዙሪያውን ቆመ። ፉርቃን ጎራዴውን መዝዞ የጥበቡን ነፍስ ጠየቀ፤ ከጥበቡ ወዲያ አንዳች እንደማይፈልግ ተናገረ። ሥርጉት ይህን ጊዜ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ መካከል ገባች። አንድ ነገር ታውቅ ነበር፤ በአገሩ ልማድ ደም በሴት አይመለስም፤ በሴት ላይ ጎራዴ የመዘዘ ከሰው ተራ ይወጣል።

«አባጋር፣ ይስሙኝ። ያ ልባስ የኔ እጅ ሥራ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። አንዱ ነፍጠኛ ሴት ነፍጥ ካለበሰች የኔም በቅሎ ለዳኝነት ትቀመጥ አለ። ጥበቡ ግን አልሳቀም፤ በበትሩ ተደግፎ ተነሣና፣ ሐሰት ነው፣ ሥራው የኔ ነው፣ ሴት ከወናፍ አልፋ አታውቅም ብሎ ጮኸ። ስለ አንዱ ልባስ እውነቱን ተናገረ፤ ስለ ሌላው ሁሉ ዋሸ። መሞትን ከመታወቅ መረጠ፤ እንዲህ ያለውንም ሰው ጀግና የሚል አይጠፋም።

«ሥርጉት» አሉ ሼህ ዘካሪያ በዝግታ፤ «እዚህ በሐሰት የማለ ዘሩ ይነቀላል። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ አባጋር።»

ሰርካዲስ ከሴቶቹ መካከል ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ሥርጉት አየቻትና ዓይኗን መለሰች። ከዚያም በምትቆርበው ቁርባን ማለች።

መሐላ ብቻውን አልበቃም፤ ቀዳዳው የተበላ ነፍጥ፣ ነሐስ፣ ሞረድና መዶሻ ቀረበላት፤ እጅሽ ይመስክር ተባለች። ሙዓዝን የገደለችው ነሐስ በአባጋሩ መዳፍ ላይ ነበረች፤ ሰፊው ወገኗ ወደ ውጭ እንደነበረና ከውጭ እንደተመታች ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። የኋላውን መዝጊያ ፈትታ እንደ ልማዷ ብታገባው፣ ያ ሥራ የእሷ አለመሆኑ ይገለጣል። አሳምራ ከሠራች ባሏን ትገድላለች።

የወሎ ነፍጠኛ ሁሉ እጇን ያይ ነበር። እስከዚያ ቀን ማንም አይቶት አያውቅም። ስንት ነፍጥ አልብሳ በሌላ ሰው ስም ሸኝታለች፤ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ ይህ የማን እጅ ነው ብሎ ቢጠይቅ ብላ በልቧ ያልተመኘችበት ጊዜ አልነበረም። አሁን ሁሉም እያየ ነው። መዝጊያውን አልነካችውም። ነሐሱን ከውጭ አስጠግታ በመዶሻ መታችው።

ጥበቡ ዓይኑ ቢጠፋም ጆሮው አልጠፋም። ከውስጥ የሚገባ ልባስ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ከውጭ ሲመታ ይጮኻል። ሲሰማ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ምን እንደምታደርግና ለምን እንደምታደርገው የገባው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እሱ ብቻ ነበር። አባጋሩ ይህ የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁት።

«የሷ እጅ ነው» አለ።

ፉርቃን ሁለቱን ነሐሶች በመዳፉ አስተያየ፤ ብልሽታቸው አንድ ነበር። ጎራዴውን ወደ ሰገባው መለሰ፤ ፊቱ ግን እርቅ ያገኘ ሰው ፊት አልነበረም።

«ወላሂ፣ ወንድሜን ጠላት በገደለልኝ» አላት። «በዚህ ዓይነት እጅ ከሚሞት።»

ሥርጉት መልስ ነበራት፤ መልሱ በየነፍጠኛው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ፋቲሐ ተቀራ፤ ደሙ ደረቀ ተባለ። ሥርጉትም ሁለተኛ ብረት እንዳትነካ ተፈረደባት፤ እሺ ብላ ተነሣች። ወደ ደጋን ሲወጡ የጥበቡን እጅ ይዛ ትመራው ነበር፤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመና፣ እንዲያ መምታትሽን እንዴት ቻልሽው አላት።

«አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ከዚያ ቤት የመዶሻ ድምፅ አልተሰማም። ንጉሡ እንደ ተወራው መጣ፤ ወሎም ተዋጋ፣ ተሸነፈ፣ እንደገና ሸፈተ። ሰርካዲስ በሰላም ወለደች፤ ልጁ ባሳለ ቁጥር ግን ሥርጉት የያዘችውን ጥላ ትነሣ ነበር፤ እንዲህም ሆና አረጀች።

የነገሥታቱን ነገር ጸሐፊዎች ጻፉት። የሥርጉትን ሰው በአፉ ያዘው፤ በደጋን ሽማግሌዎች ዘንድ የተበላሸ ሥራ የሥርጉት ልባስ ይባል ነበር፤ አማች ጣሪያው ቢያፈስ፣ ምራት ስፌቷ ቢተረተር፣ በእሷ ስም ይሰደቡ ነበር። ዛሬ በደሴ፣ ሆጤ ውስጥ፣ ከአንድ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ባለ ባልጩት ነፍጥ ተሰቅሏል፤ እንጨቱ ነቅዟል፣ ብረቱ ዝጓል፤ ከጠገራ ብር የተቆረጠችው ልባስ ግን እንደ ትናንት ታበራለች፤ ቀዳዳዋ አሁንም የጃርት እሾህ ጫፍ ብቻ ታሳልፋለች። ባለቤቶቹ ለእንግዳ ሲያሳዩት ይህ የጥበቡ እጅ ነው ይላሉ፤ እንግዳውም ጎንበስ ብሎ ከውጭ ያያል፣ ያደንቃል። የኋላውን መዝጊያ ፈትቶ ወደ ውስጥ ያየ ግን እስከ ዛሬ የለም።