ግራ ጥግ ያለው መስኮት

ይህ በገዛ ቤታችን፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም የማወራችሁ።

አላምንም የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም... እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ጊዜው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ቦታው ጎንደር፣ ከሆስፒታሉ ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈራችን።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

አበቡ እባላለሁ። አባቴ ዓለምነው ሆስፒታሉ ውስጥ ራጅ ያነሣ ነበር። እናቴ እታገኘሁ የአይከል ሰው ናት። ከእኔ በታች አንድ ወንድም ነበረኝ... ፋንታሁን። ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ።

ከአባቴ ጋር የሚሠራ አንድ የውጭ ዶክተር ነበር። አንድ ቀን ቤቱ ጠርቶን በቪዲዮ ፊልም አሳየን። ካባ ለብሶ ስለሚበር ሰው ነው። ከፎቅ የሚወድቀውን ሁሉ መሬት ሳይነካ ይቀልበዋል።

ዶክተሩ ወደ አገሩ ሲመለስ ከዚያ ፊልም የተሠራች፣ መዳፍ የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ለፋንታሁን ሰጠው።

ፋንታሁን ጨዋታዋን ከእጁ አይለያትም ነበር። ግን አይቶ ዝም አይልም፤ ይመረምራታል።

"ጥሩ ጎኗን ልንገርሽ፣ እትዬ?" ይለኛል። "ቁልፉን ገና ስትነኪው ይታዘዝሻል። ድምፅዋም ሸጋ ነው። ደግሞ እየቆየች ትፈጥናለች፤ አትሰለችሽም።"

"መጥፎ ጎኗስ?"

"መጥፎውማ... ነይ እይው።"

መስታወቷ ላይ አንድ ረጅም ፎቅ አለ። ከመስኮቶቹ ጥቁር ጥቁር ትንንሽ ሰዎች ይወድቃሉ። ባለ ካባው ከታች ሆኖ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሮጠ ይቀልባቸዋል።

ግራ ጥግ ካለው መስኮት ሥር ግን አይደርስም።

ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። ቁልፉን ብትደበድበውም ያው ነው።

"ፊልሙ ላይ እኮ ሁሉንም ያድናል" አለኝ ፋንታሁን፣ ከልቡ አዝኖ። "እዚህ ግን ከዚያ መስኮት የወጣ አበቃለት። የሠሪዎቹ ጥፋት ነው። ምነው ሳይሞክሯት ሸጧት?"

ሌላም ቅሬታ ነበረው። ጨዋታዋ ማሸነፍ የሚባል ነገር የላትም። እስክትሸነፍ ድረስ ብቻ ነው የምትጫወተው።

ከዚያ አፈሳ መጣ።

ቅዳሜ ገበያ እንደወጣ ያዙት። ለብሔራዊ ውትድርና።

እኔና እናቴ አዘዞ ጦር ሰፈር ድረስ ሮጠን ደረስን። ልጆቹን በጭነት ማኪና ላይ ደርድረዋቸዋል። ፀጉራቸው ተላጭቷል። ሁሉም አንድ ሰው ይመስላሉ... ፋንታሁንን በጆሮው ለየሁት። ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ውጭ የወጣ ነው።

ማኪናው ሲነሣ እጁን ከፍ አድርጎ ጮኸ።

"እትዬ! ባትሪዋን አውጪላት! ውስጧ እንዳይበላሽ!"

እናቴ በሞተሩ ጩኸት አልሰማችውም። ያቺን ጨዋታም ልብ ብላ አይታት አታውቅም።

"ምን አለ? ልጄ ምን አለ?"

"ደህና ሁኑ አለ፣ እማ።"

ቤት እንደገባሁ ባትሪዋን አወጣሁ። ጨዋታዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ከዚያ በኋላ ስለ ፋንታሁን ምንም አልሰማንም። ወደ ሰሜን ሄዱ ተባለ፤ በቃ። እናቴ ማኪና በሰማች ቁጥር በር ላይ ትቆማለች። አልጋውን በየሳምንቱ ታነጥፋለች።

ዓመት አለፈ።

በነሐሴ ነው። ዝናቡ ሊመጣ ሲል ጉሙ ወርዶ ግቢያችንን ሞላው። የጎረቤቱ ቆርቆሮ እንኳ አይታይም። እናቴ ጓሮ ካለው ወጥ ቤት ናት። እኔ የአባቴን ነጭ ጋዋን እተኩሳለሁ።

ጢክ... ጢክ... ጢክ...

ሰዓት መሰለኝ። ግን ቤታችን የግድግዳ ሰዓት አልነበረም።

ከቁም ሳጥኑ ነው።

ጨርቁን ፈታሁ። መስታወቷ ላይ ፎቁ አለ። ባለ ካባውም ከታች ቆሟል።

ገልብጬ ጀርባዋን ከፈትኩ። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው።

ጢክ... ጢክ...

መልሼ አየኋት። ግራ ጥግ ባለው መስኮት አንድ ሰው ቆሟል።

ተረዱልኝ... በዚያ ጨዋታ ሰው መስኮት ላይ አይቆምም። ይወድቃል እንጂ አይቆምም። እንዲህ ያለ ሥዕል ጭራሽ የላትም።

ይሄኛው ግን ቆሟል። በአንድ እጁ የመስኮቱን ጠርዝ ይዟል። ራሱ የተላጨ ነው።

ጆሮው ወደ ውጭ ወጥቷል።

አባቴ ከሥራ የገባው ያን ጊዜ ነው። ቃል ሳልናገር ሰጠሁት። እንደ ራጅ ፊልም ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አያት።

"ይታይዎታል፣ አባባ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ባትሪውስ?"

"የላትም።"

ጨዋታዋን በቀስታ የምተኩሰው ጋዋን ላይ አኖራት።

"ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ቁልፉንም እንዳትነኪው። ካልነካነው... እዚያው ይቆይ ይሆናል።"

ሁለታችንም አጎንብሰን እናየዋለን። አንተነፍስም። ጉሙ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት ጀመረ።

ሰውዬው ጠርዙን ለቀቀ።

"ተጫኚ!" አለ አባቴ። "ተጫኚው ልጄ!"

ተጫንኩ። ባለ ካባው ሮጠ። ወደ ግራ... ወደ ግራ... ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

ተጫንኩ። ቆመ። አባቴ ጣቱን በጣቴ ላይ ጭኖ ተጫነ። ቆመ።

"ትንሽ ብቻ..." ይላል አባቴ። "ወንድሜ፣ ትንሽ ብቻ..." ያንን የመስታወት ሰው ይለምነዋል።

ያ ከመስኮቱ የወጣው ጥቁር ልጅ በቀስታ ወረደ። ሌሎቹ እንደሚወድቁት አልነበረም። እንደ ላባ እየተንሳፈፈ ወረደ... መሬት ሊነካ ሲል መስታወቷ ላይ ያለው ሁሉ ጠፋ።

ጢክ ጢክ የሚለው ድምፅም ቆመ።

ያን ጊዜ ነው ጓሮ የብረት ድስት ሲወድቅ የሰማነው።

ሮጠን ወጣን።

እናቴ ጉሙ መሃል ቆማለች። ነጠላዋን በሁለት ክንዶቿ ዘርግታለች። ወደ ላይ ታያለች።

"እታገኘሁ!" አለ አባቴ።

አልዞረችም።

ድንገት ክንዶቿ ወደ ታች ወረዱ። ጉልበቷ ታጠፈ። ከባድ ነገር እንደተቀበለ ሰው ተንገዳገደች... ከዚያ ጸናች። ነጠላውን ሰብስባ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

"ምነው ልጄ..." አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ምነው እንዲህ ከሳህ?"

ልደግፋት እጄን ብዘረጋ አባቴ ያዘኝ። እያለቀሰ ነበር።

መርዶ እስከ ዛሬ አልመጣልንም። ሞተም ያለን፣ አለም ያለን የለም። እናቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማኪና ስትሰማ በር ላይ ቆማ አታውቅም።

ያን ቀን በመካከላችን አልፋ ወደ ቤት ገባች። እርምጃዋ ሸክም እንደያዘ ሰው ነበር። ፋንታሁን አልጋ ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ነጠላውን በቀስታ አኖረችው። ብርድ ልብሱን ሳበችበት።

እኔና አባቴ በር ላይ ቆመን እናያለን።

ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ ነው። ከሥሩ ከነጠላው በቀር ምንም የለም።

የአልጋው ሱስታ ግን ሲጢጥ... አለና፣ መሃሉ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ታች ረገበ።