ሳይሰጥ የቀረው ወረቀት

ሲፈን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿን ትቆጥራለች። ቤታቸው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም፤ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣች ተመስገን ነው። ስለዚህ በሁለት እጇ ጀሪካን አንጠልጥላ፣ በየፎቁ ቆም እያለች፣ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። የጀመረችው በአሥር ዓመቷ፣ ታላቅ ወንድሟ ጃርሶ አስሙ ተነሥቶበት በሞተ ሰሞን ነው። እናቷ እንኳ ልብ ብላው አታውቅም።

ያስተዋላት ረሻድ ነው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር የባለሱቅ ልጅ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል እያሉ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከበራቸው ብቅ ሲል ደረጃው ላይ አገኛት።

«ምንድን ነው የምትቆጥሪው?»

ልትዋሽ ነበር። ቀና ብላ ስታየው ግን ዓይኑ ውስጥ ፌዝ አጣችበት።

«ትንፋሼን» አለች።

አልሳቀም። አንዱን ጀሪካን ተቀብሏት ወደ ላይ ወጣ። አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ጀሪካኑን አስቀምጦ ወገቡን ያዘ።

«እኔ አርባ ሁለት ሆነብኝ። አንቺስ?»

«ሠላሳ።»

«አራዳ ነሽ። ነገ እንደገና እንወዳደራለን።»

ፍቅር ካፌ ውስጥ በሻማ ብርሃን ካልሆነ አይጀመርም የሚል ሰው ይህን ንቆ ሊያልፈው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ አያውቅም።

ሁለቱም የተወለዱት ዛሬ በሌለ መንደር ነው። ሲፈን ሰባት ዓመቷ ሳለ ቀያሾች ሦስት እግር ያለው መሣሪያቸውን ተሸክመው መጡ፤ በሳምንቱ በየግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ፤ ክረምቱ ሳይገባ መንደሩ ፈረሰ። ሁለቱ ቤተሰቦች በዕጣ አንድ ብሎክ ላይ ደረሳቸው። ሲፈን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የምትመኘው ቀያሽ መሆን ነው። አንድ ነገር ከጠፋ በኋላ የት ላይ እንደነበረ እቅጩን መናገር የሚችል ሰው መሆን ትፈልጋለች። ረሻድን መኪና ማቆሚያው ውስጥ እየመራች ታሳየው ነበር፤ «ይሄ የእናንተ ቦኖ ነው፤ እዚህ ጋ ደግሞ የኛ በር፤ ጃርሶ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅባት ድንጋይ እዚህ ነበረች።» ረሻድ ድንጋይዋ አሁንም ያለች ይመስል ዞሯት ያልፍ ነበር።

በፊዚክስ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሚመርጧቸውን አምስት ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ጻፉ። ዝርዝሩ ለሁለቱም አንድ ነበር፤ አንድ ላይ ሊመደቡ ተስማሙ። አንደኛ ላይ ያለው ቅየሳ በደንብ የሚሰጥበት፣ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል የሚያስኬደው ነው። በነሲፈን ቤት ስሙ አይጠራም። «እዚያ» ነው የሚባለው፤ ደብተሩም ላይ የተጻፈው እንዲሁ ነው። ጃርሶ የሞተው እዚያ ነው።

ውጤት መጣ። ከክፍላቸው ስልሳ ሁለት ተማሪዎች አምስት አለፉ፤ ሲፈንና ረሻድ ከአምስቱ ውስጥ ነበሩ። አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሮ ሃምሳ ሰባቱን በአንድ ቀን «አልበቃችሁም» ብሎ የሚያሰናብት አሠራር እሱ ራሱ በቅቶ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ጠያቂው በሙሉ የዞረው ወዳለፉት ነው። የቤተ ክርስቲያን እኅቶች «ሜዲስን ግቢ» አሏት። የአባቷ ወንድም ከነቀምት ደውሎ ኮምፒውተር ይሻልሻል አላት። የብሎኩ ዘበኛ ሂርጳ ቅየሳ መሆኑን ሲሰማ፣ ለዚህ ነው እንዴ እስከዛሬ የተማርሽው፣ መንገድ መሐል ጃንጥላ ዘርግተሽ ልትቆሚ ነው ብሎ አዘነላት። ለአንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የዕድሜ ልኳን ሥራ ለመምረጥ የማይደፍር ሰው በዚያ ሰሞን ልደታ ውስጥ አልተገኘም። ምን ትወጃለሽ ብሎ የጠየቃት ግን ረሻድ ብቻ ነው።

እናቷ፣ ወይዘሮ እንዳለች፣ ምክር አልሰጠችም። የምትሠራው አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው፤ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች። አንዱ አራት ቦታ ታጥፎ የከረመ፣ ዳሩ የጠቆረ ነው። ሌላው ማኅተሙ ገና አልደረቀም።

«ይሄ የጃርሶ ነው። ይሄ ያንቺ።»

ሲፈን አነበበች። ሲፈን ቶሌሳ፣ አስም፣ ከቤተሰብ ርቃ ብትኖር ለሕይወቷ ያሰጋታል። ምርጫ ሲሞላ የሕመም ማስረጃ ያያያዘ ተማሪ ቤተሰቡ ያለበት ከተማ ይመደባል።

«እማ፣ እኔ አስም የለብኝም።»

«እሱም የለብኝም ይል ነበር።»

ጃርሶን ሐኪም መርምሮት ነበር፤ ማስረጃውም እውነተኛ ነበር። ሰጥቻለሁ ብሎ ለእናቱ ነገራት። እዚያ ሲመደብ መንግሥት አልሰማንም ብላ አለቀሰች። በሁለተኛው ወር ሬሳው መጣ፤ ቀጥሎ ሻንጣው መጣ፤ ወረቀቱ ሻንጣው የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር። እንዳለች ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት የኖረችው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ለምን አልሰጠውም? ባሏ ቶሌሳ ጅቡቲ መንገድ ላይ በከባድ መኪናው ነው የሚከርመው፤ የሚመልስላት ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሲፈን ሜክሲኮ ባቡር ጣቢያው ሥር ሆና ለረሻድ ሁሉንም ነገረችው። ያቀፋታል፣ ወይም ይቆጣል፣ ወይም ዝርዝራችንስ ይላል ብላ ጠበቀች። ፊቱ ተለወጠ። ሱቅ ይፈልጉኛል ብሎ ሄደ። ሦስት ቀን ስልክ አላነሣም። በሁለተኛ ፎቅ በር ስታልፍ እርምጃዋን ታዘገይ ነበር፤ በሩ አልተከፈተም። እኔ የምቀር ስለመሰለው ተወኝ አለች በሆዷ፤ ከዚያ ወዲያ ትንፋሿን ስትቆጥር ይምታታባት ጀመር።

በአራተኛው ቀን የደወለችላት የረሻድ ታላቅ እኅት ነጅማ ናት። ባንክ ነው የምትሠራው። በምሳ ሰዓት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጠበቀቻት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከግንባሯ በኩል ሽበት ጀምሯታል። ባቡር መጥቶ ሲሄድ ወደ ሲፈን ዞረች።

«ሲፉ፣ ጃርሶን ወረቀቱን አትስጥ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቀስ ብላ ነገረቻት። እሷ ሙስሊም፣ ጃርሶ ጴንጤ፤ በድሮው መንደርም ሆነ በብሎኩ ሰው ሳያይ እጅ ለእጅ የሚያያዙበት አንዲት ጥግ እንኳ አልነበራቸውም። እዚያ ግን ማንም አያውቃቸውም። አንድ ዓይነት ዝርዝር ጻፉ። ማስረጃውን ካስገባህ አንተ እዚህ ትቀራለህ፣ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ ብላ አለቀሰችበት። ጃርሶ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ላይብረሪው ዳገት ላይ ነው። ማን ይቀድማል ተባባልን። ሮጥኩ። ከኋላዬ ሲጠራኝ ሊያስቆመኝ ብሎ የሚቀልድ መሰለኝ። ዞር ያልኩት አናቱ ላይ ደርሼ ነው።» አፏን በእጇ ሸፈነች። «ከዚያ በኋላ ያን ዳገት እስክመረቅ በየቀኑ ወጣሁት። ዞር ሳልል የወጣሁበት ቀን የለም።»

ሲፈን ልትመታት ፈለገች፤ ልታቅፋትም ፈለገች።

«ለእማ ለምን አልነገርሻትም?»

«ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ‹ደህና ዋልሽ ነጁ› ትለኛለች። አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል።»

አመሻሹ ላይ ረሻድ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ የድሮው ቦኖ የነበረበት ቦታ ቆሞ ጠበቃት።

«ታውቅ ነበር?»

«ዝርዝራችንን ሳሳያት ነው የነገረችኝ። ጣቢያው ሥር ከመገናኘታችን በፊት በነበረው ማታ። ምን ብዬ እንደምነግርሽ ጠፋኝ።»

«የተውከኝ መስሎኝ ነበር።»

ዓይኑ ሦስቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፋቸው ይናገር ነበር።

«ሲፉ፣ ለኔ ብለሽ እዚያን እንዳትመርጪ። ለእትዬ እንዳለች ብለሽም እዚህ እንዳትቀሪ። እኔ ምን እንደምሞላ አልነግርሽም፤ አንቺም አትንገሪኝ።»

«ብንለያይስ?»

አንድ መኪና መብራቱን በላያቸው አሳልፎ ወጣ።

«ከተለያየን የራሳችን መለያየት ይሁን» አለ። «የነሱን አንድገመው።»

ምርጫው የሚዘጋው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ሰንጋ ተራ አጠገብ ያለው የአብዱልመናን ኢንተርኔት ቤት ገብተው ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። አብዱልመናን መነጽሩን ገፋ አድርጎ አያቸው። ፈተናውን አልፋችሁ ጨረሳችሁ የለም እንዴ፣ አሁን ደግሞ እንዳትኮራረጁ ነው ብሎ ሳቀ።

ከቅጹ ግርጌ የጤና ችግር ካለ ማስረጃ ያያይዙ ይላል። ሲፈን የእናቷን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። አብዱልመናን ስካን ላድርግልሽ ብሎ እጁን ዘረጋ። ልትሰጠው ስትል ዓይኗ አንዲት መስመር ላይ ወደቀ። ክብደት፣ ሃምሳ ስምንት ኪሎ። እሷ አርባ ሰባት ናት። ሃምሳ ስምንት ኪሎ የነበረው ጃርሶ ነው። የጻፈው ሰው ከድሮው ወረቀት ላይ ሁሉን እንዳለ ገልብጦ ስሙን ብቻ ለውጧል። እጇ ላይ ያለው ወንድሟ ነበር፤ በእሷ ስም እንደገና ሊመዘገብ ነው። ደግሞ የሆነ ቦታ እንደ ጃርሶ እውነተኛ ወረቀት የያዘ ልጅ አለ፤ ለእሱ የተተወውን ወንበር የውሸት ማኅተም ቢወስድበት የሚጠይቅለት የለም።

«ተወው ጋሼ አብዱልመናን። የኔ አይደለም።»

አንደኛ ምርጫ በሚለው ላይ የ«እዚያ»ን ሙሉ ስም ጻፈች። በሕይወቷ ስትጽፈው የመጀመሪያዋ ነው። ከጀርባዋ የረሻድ ጣቶች ቁልፎቹን ሲመቱ ይሰማታል። አልዞረችም።

ምደባው በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። እሷ እዚያ፣ ረሻድ ስድስት ኪሎ።

«ከድሮም ፋርማሲ ነበር የምፈልገው፣ እዚሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደብተሩ ላይ ያንቺን ደግሜ ነው የጻፍኩት።»

«ብትከተለኝ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ» አለች። ቀጥላ፣ «ኋላ ደግሞ እንዴት በጠላሁህ።»

እናቷ ምደባውን ሰማች። የጮኸችው ነገር የለም፤ መኝታ ቤት ገብታ ዘጋች። በዚያው ቀን ከሥራ መልስ ነጅማ አራተኛ ፎቅ ወጥታ ያን በር አንኳኳች። ሲፈን ወጥ ቤት ሆና የሰማችው የእናቷን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ጠርቶሽ ነበር?»

ነጅማ ምን እንደመለሰች አልተሰማም። ከዚያ ወዲያ እንዳለች ነጅማን ደረጃ ላይ ስታገኛት ደህና ዋልሽ አትላትም፤ ግድግዳ ይዛ ታልፋለች።

ግን ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ ያወረደችው እናቷ ራሷ ናት። የጃርሶን። የሲፈንን ልብስ አጥፋ ስትጨርስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር የሻንጣው ኪስ ውስጥ ጨመረች። ሲፈን ፈታችው፤ ጃርሶ ወደ አፉ የሚነፋት ሰማያዊዋ መድኃኒት ናት።

«እማ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል። ደግሞ እኔ…»

«አውቃለሁ» አለች እንዳለች። «የለብሽም። ያዥው።»

ሲፈን በምትሄድበት ቀን ሻንጣውን አራቱንም ፎቅ ያወረደው ረሻድ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መጀመሪያ ያነጋገራት ቦታ፣ አስቀመጠውና እጇን ያዘ። ሰው ሊወጣ ሊወርድ ይችላል፤ አልለቀቃትም።

«ሲወርዱ አይቆጠርም» አለች ልትቀልድ ሞክራ።

«ያን ዳገት ስትወጪ ደውይልኝ። ምንም አታውሪ። ትንፋሽሽን ብቻ ልስማ።»

እዚያ በደረሰች በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ለእናቷም ከማታው በነገረቻት ሰዓት፣ ደወለች። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ አናቱ ላይ ላይብረሪው። ረሻድ ነጅማ አጠገቡ መሆኗን ነግሯት ስልኩን ላውድ ላይ አደረገው። ልትነሣ ስትል በስልኩ ውስጥ በር ሲንኳኳ ሰማች። ወንበር ተሳበ። የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ጀመረች እንዴ?»

«ገና ናት እትዬ፤ ይቀመጡ» አለች ነጅማ።

ሲፈን መውጣት ጀመረች። መሐሉ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ የሚሮጥ ሰው ኮቴ የሰማች መሰላት፤ ከዚያም የሚያፍን፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ። ዞር አለች። መንገዱ ባዶ ነበር።

ቆመች።

«ሲፉ?» አለ ረሻድ። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ጃርሶን እየጠበቅኩት ነው።»

እንደ ሕመምተኛ አካሄድ፣ አንድ እግር ካስቀደመች በኋላ ሌላውን እያስከተለች፣ አንድ ሰው ጎኗ እንደሚሄድ ሆና ወጣች። አናቱ ላይ ደርሳ ሰማያዊዋን መድኃኒት ከኪሷ አውጥታ መዳፏ ውስጥ ያዘቻት።

«ደረስን» አለች።

እናቷ ስታለቅስ ተሰማት፤ ከጎኗ ሌላ ሴት አብራ ታለቅስ ነበር። ረሻድ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ፣ ደረጃው ላይ እንደተነጋገሩበት ቅዳሜ ጠየቃት።

«ስንት ሆነ?»

«እንጃ» አለች ሲፈን። «አልቆጠርኩም።»