ስልሳ ኪሎ

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም። ከሰው አፍ ብሰማው እኔም "ሂድ ወደዚያ!" ብዬ እስቅ ነበር። ግን ደርሶብኛል። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳ። ቦታው የጭነት መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ጣቢያ።

ጨለማ አልነበረም። ሰው የሌለበት ቦታም አልነበረም።

የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

አስራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ነዳሁ። የሰው መሪ ጨብጬ፣ የሰው ቁጣ ጠጥቼ። ሕልሜ አንድ ብቻ ነበር። የተሸጡና የተበላሹ መኪኖችን ከከተማ ከተማ ጭኖ የሚያደርስ፣ ትንሽም ቢሆን የራሴ የሆነ ሥራ።

ታላቅ ወንድሜ ይህንኑ ሥራ ከአንድ ጓደኛው ጋር በሽርክና ጀምሮት ነበር። ከዓመት በፊት "ተጣላን፣ ሄደ" አለንና ብቻውን ቀጠለ። ሰውየው የት እንደሄደ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ባለፈው ወር ወንድሜ ድንገት ቤቴ መጣ። ከስቷል። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል። የጭነት መኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፈገግ አለ።

"መኪናዋን ውሰዳት። የራስህን ሥራ ጀምር።"

"ወንድም ጋሼ... ምን ነካህ?"

"ምንም አልፈልግም ካንተ። ብቻ ስሙ ዛሬውኑ ይዙር።"

ዛሬውኑ...

አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ባለቤቴ "ወንድም ማለት እንዲህ ነው" እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሰች። ታናሽ ወንድማችን ደግሞ፣ ቀልደኛው፣ ሳቁን ለቀቀው።

"አንተም ሲበቃህ ለእኔ ታወርሰኛለህ፣ ጋሼ!"

ሁላችንም ሳቅን። ታላቅ ወንድሜ ብቻ አልሳቀም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እኔ ያኔ እየሳቅሁ ነበር።

ስሙን አዙረን ከቢሮው ስንወጣ ወንድሜ አንድ ትርፍ የስም ማዞሪያ ቅጽ ለምኖ ወሰደ። አጥፎ ጋቢናው ውስጥ ካለው መሳቢያ ከተተውና ቆለፈበት።

"አንድ ቀን ይጠቅምሃል" አለኝ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ እየሰጠኝ።

ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነው። የደህንነት ቀበቶው ግን ታስሯል።

"እሱን እንዳትፈታው" አለኝ በሹክሹክታ። "ወንበሩ ተበላሽቷል። ካልታሰረ... ሰው የተቀመጠበት እየመሰለው ይጮሃል።"

አመንኩት። እንዲህ የሚያደርግ ወንበር ስንት አይቻለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የአንዲት አስተማሪ ትንሽ ነጭ መኪና ነበረች። ሥራችን ደንብ አለው። መኪና ከመጫኑ በፊት ከባለቤቱ ጋር ዙሪያውን እየዞርን ጭረቱን፣ ስብራቱን፣ የጎደለውን ሁሉ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ እንፈራረማለን። ኋላ "አንተ ነህ ያበላሸኸው" እንዳይመጣ። የአስተማሪዋን መኪና ሦስት ጊዜ ዞርኳት።

የወንድሜን መኪና ግን አንድ ጊዜም ዞሬ አላየኋትም። የወንድም ስጦታ ይመረመራል እንዴ?

መንገድ ጀመርኩ። ሬዲዮ ከፍቼ፣ እያንጎራጎርኩ። ልቤ ክንፍ አውጥቷል።

አንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረገጥኩ።

ከጎኔ ያለው ቀበቶ ተወጠረ...

ፍሬኑን ለቀቅሁ። ረገበ።

ደግሜ ረገጥኩ። ተወጠረ። ልክ ወደፊት የተደፋ ደረት እንደያዘ።

ሬዲዮውን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ያን ወንበር አላየሁትም።

ሚዛን ጣቢያ ደረስኩ። ሚዛን የሚያዩትን ሴትዮ ሾፌር ሁሉ "እትዬ ሚዛን" ይላቸዋል። እንደ ደንቡ መኪናዋን ሚዛኑ ላይ አቁሜ ወረድኩና መስኮታቸው ጋ ቆምኩ። ቁጥሩን አዩ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ደግመው አዩ።

"ረዳትህም ይውረድ።"

"ረዳት የለኝም፣ እትዬ።"

"ይውረድ እንጂ፣ ልጄ። ስልሳ ኪሎ ትርፍ ነው።"

"ባዶ ነው። ይምጡና ይዩት።"

መጥተው አዩ። ባዶ ነው። የጫንኩትን መኪና ክብደት፣ ነዳጁን፣ ትርፍ ጎማውን፣ መፍቻውን ሳይቀር ደመሩ፤ ቀነሱ።

ስልሳ ኪሎ።

ከዚያ ታርጋውን አነበቡ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ይቺ የወንድምህ አይደለችም?"

"ሰጥቶኝ ነው። አሁን የእኔ ናት።"

"ሰጠህ?..." መነጽራቸውን አወለቁ። "ዓመቱን ሙሉ ስልሳ ኪሎ ይተርፍበት ነበር። 'ሚዛኑ ተበላሽቷል' ይለኛል። የሌላው ሰው መኪና ሁሉ ልክ ነው። የእሱ ብቻ..."

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

በጣታቸው ወደ በሩ ጥግ አመለከቱኝ። አሮጌ የእህል መመዘኛ ቆሟል።

"ሸሪኩ ከቀረ ጀምሮ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ቀጭን፣ ተጫዋች ሰው ነበር። በመጡ ቁጥር እዚያ ላይ ይወጣና 'ዛሬስ ወፈርኩ?' ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ ወፍሮ አያውቅም።"

"ስንት ይመዝን ነበር?"

መኪናዋን ብቻ አዩ።

ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ። ወንድሜ ወዲያው አነሳው። "እንዴት ነህ" አላለኝም።

"ቀበቶው ታስሯል?"

"ወንድም ጋሼ... ሸሪክህ የት ነው?"

በረዥሙ ሲተነፍስ ሰማሁት።

"ወንድም ጋሼ!"

"ሰሞኑን እንቅልፍ ተኛሁ" አለኝ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እፎይታ ነው። "ዓመት ሙሉ ተኝቼ አላውቅም። የመኪናዋ ስም ከዞረለት ሰው ጋር ነው እሱ የሚሄደው። ልሽጣት ብል ገዢ አጣሁ፣ ባቆማት ቤቴ ገባ። ይቅር በለኝ... ልጆች አሉኝ።"

"እኔስ?"

መልስ ለመስጠት ትንሽ እንኳ አልዘገየም።

"ታናሽ ወንድም አለህ።"

ዘጋው።

ባዳ ቢያደርገው እረግመውና ይወጣልኝ ነበር። ይሄ ግን ከአንድ ማህፀን የወጣ፣ ብስክሌት መንዳት ያስተማረኝ ሰው ነው። ጉዱን የሚጥልበት ሰው ሲፈልግ ቤቴን መረጠ። አቅፌው ሳለቅስ ጀርባዬን ቸብ ቸብ ያደረገኝ እጁ አሁንም ይሰማኛል። እዚያው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የበፊቱን እንባዬን መልሼ የምወስድ ይመስል።

እትዬ ሚዛን ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። የሰው ንብረት ጭኛለሁ፤ የትም ጥዬው መሄድ አልችልም። ተነስቼ የጋቢናውን በር ከፈትኩ።

ቀበቶው እንደታሰረ ነው።

ከቀበቶው ስር ግን ወረቀት አለ... መሳቢያው ውስጥ የተቆለፈው የስም ማዞሪያ ቅጽ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ዳሰስኩት፤ አለ።

"አዲሱ ባለቤት" በሚለው መስመር ላይ አንድ ፊደል ተጽፏል። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

የታናሽ ወንድሜ ስም የመጀመሪያው ፊደል ነው።

የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።