ሁለት ግራ እጅጌ

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከመጋረጃው ወዲያ የአባቷ መቀስ ጨርቅ ይበላል። ልጅቷ በባዮሎጂ ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች ድምፁ ድንገት ቆመ።

«መርፌ!» ቅጥነቷን አይቶ ያወጣላት ስም ነው። «ነይ እስቲ! ጨርቁን ማን ነካው?»

ገባች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የኮት እጅጌ ተዘርግቷል። ጨርቁ ስለጠበበ አንድ በአንድ ነበር የቆረጣቸው። በሁለቱም ላይ በጠመኔ «ግራ» ተብሎ ተጽፏል፤ በራሱ እጅ።

«እኔ አልነካሁም አባዬ።»

«ታዲያ ራሱን በራሱ ቆረጠ? አንቺ ነሽ!» ጠረጴዛውን ሲመታው ስፒሎቹ ዘለሉ።

ድሮ ክር ሲበጠስበት እንኳ «ደክሞት ነው፣ ይረፍ» ብሎ የሚስቅ ሰው ነበር። ከሁለት ወር በፊት ከመሰላል ወድቆ ግንባሩን ከተመታ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ትናንት መምህሯ ሰሌዳው ላይ አንጎል ስለው፣ «ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል እንደ ፍሬን ነው» አሉ። «ንዴት ሲነዳን ይይዘናል፤ የጀመርነውን ሥራም እንዳንስት ይጠብቀናል።»

«ቲቸር፣ የኔ ፍሬን ተበጥሷል!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም።

አሁን የቤታቸው በር ተንኳኳ። የኮቱ ባለቤት የሆነው ሹፌር ነው።

«እህሳ ጌታው! ቅዳሜ የልጄ ምርቃት ነው፤ ባለ አንድ እጅ አድርገህ እንዳትልከኝ!» እየሳቀ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ሁለቱም ግራ? ለካ ሰፈሩ የሚያወራው እውነት ነው! ጭንቅላቱ…»

ይህ ወሬ ከዚህ በር ከወጣ ጨርቅ ይዞ የሚመጣ አይኖርም። የአባቷ ዐይን የእሷን ዐይን ፈለገ። «አንቺ ነሽ» ሲላት እየዋሸ አልነበረም፤ መቁረጡን በእርግጥ አያስታውስም።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። «አባዬ ሳያየኝ ልሞክር ብዬ ነው የቆረጥኩት። ይቅርታ።»

«በሰው ጨርቅ ነው የምትማሪው? አይ የዘንድሮ ልጅ!» ሹፌሩ ወደ አባቷ ዞረ። «ይህን ጨርቅ ከመሬትም ቆፍረህ አምጣ። ዓርብ እመጣለሁ።» በሩን ወርውሮት ሄደ።

አባቷ አንዱን እጅጌ አንስቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። የጠመኔውን ጽሑፍ አነበበ። ቀጥሎ በጠመኔው ዱቄት የነጡትን የገዛ ጣቶቹን አያቸው፤ ረጅም ጊዜ።

ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አወለቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም ያላዋሰውን ሜትር በእሷ አንገት ላይ አጠለቀው።

«አባዬ?»

መቀሱን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።