የሰኞው ቃለ ጉባኤ

«… ሰፊና የጦፈ ውይይት ከተካሄደ በኋላ፣» አለ አባቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። «ጻፍሽ?»

«የጦፈ ላይ ደርሻለሁ።»

«ጎበዝ። ቀጥዪ።»

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። የጦፈው ውይይት የሚካሄደው ሰኞ ጧት በሦስት ሰዓት ነው። ልጅቷን ይህ አልገረማትም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ ላለፉት ሁለት ዓመታት ገና ያልተደረጉ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ኖራለች። ጽሕፈቷ ማተሚያ ቤት የወጣ ስለሚመስል የክፍሏ ልጆች «ታይፕ» ይሏታል፤ በደንበኛ ስሟ የሚጠራት ስም ጠሪው መምህር ብቻ ነው። የአባቷ ጽሕፈት ደግሞ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ለዚህ ነው ትልቁ መዝገብ እሷ ፊት የሚዘረጋው።

የመዝገቡን ሕግ ያስተማራት እሱ ነው። ገጾቹ ቁጥር ስላላቸው አይቀደዱም። አይፋቅም፣ አይደለዝም። የተሳሳተ ሰው በአንድ መስመር ሰርዞ ጎኑ ላይ ይፈርማል። ታይፕ እስካሁን አንድም ቀን ሰርዛ አታውቅም።

መጀመሪያ ሰሞን ጠይቃው ነበር። «አባዬ፣ ስብሰባው እኮ ገና ነው።»

«ይደረጋል እኮ፣» አላት።

ተደረገም። እሷም ከኋላ ተቀምጣ አየችው። «ጥያቄ ተነሣ» ብላ የጻፈችበት ቦታ ላይ ጥያቄ ተነሣ። «በጭብጨባ ጸደቀ» ያለችበት ቦታ ላይ ተጨበጨበ። ያን ቀን ውስጧ አንድ ነገር ቅዝዝ አለ። ከዚያ ወዲህ መዝገቡን ስትከፍት ምንም አይሰማትም።

የተቀመጡበት ክፍል በፊት ሁለት ቢሮ ነበር፤ በአንድ በኩል የከተማው ምክር ቤት፣ በሌላው በኩል የፓርቲው ቅርንጫፍ። መሃል ላይ የነበረው በር ሲከፈት ሲዘጋ አስቸገረ ተብሎ ተነቀለ፤ ቆየት ብሎ ግድግዳውም በሩን ተከተለው። ከባለጉዳዮች አግዳሚ ሌላ አሁን ያለው ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ አባት ነው። ጧት በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ይሆናል፤ ከምሳ በኋላ ወዲያኛው ወንበር ላይ የፓርቲው ጸሐፊ። ፓርቲው ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ሲጽፍ አባቷ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል፣ ተነሥቶ ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ ቁጭ ይልና ደብዳቤውን ተቀብሎ «ገቢ» ብሎ ይመዘግበዋል። አንዳንዴም ለራሱ «በጣም አስቸኳይ» ብሎ ይጽፋል። ከተማው «ሁለት ወንበር» የሚል ስም አውጥቶለታል። ሲሰማ ይስቃል። ከአንገት በላይ እንደሚስቅ የምታውቀው ግን ልጁ ናት።

«አጀንዳ ሦስት፣» አለ። «የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ ለፓርቲው ማሠልጠኛ አዳራሽነት እንዲውል ስለመወሰን።»

ታይፕ ጻፈች። ቤተ መጻሕፍቱ እሷና «ሽቦ» የሚሏት ጓደኛዋ ከትምህርት ቤት መልስ የሚያጠኑበት ነው። ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ አንድ እግሩ ስለሚያጥር ካርቶን አጣጥፈው ሥሩ ያስገቡለት እነሱ ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደግሞ የሽቦ እናት ናት። ታይፕ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ እጇ ግን አልቆመም።

«አሁን አስተያየት ሰጪዎች። ከዚህ በኋላ በስም ይጠቀሱ የሚል ደብዳቤ ከክልል መጥቷል። ‹አንድ ነዋሪ› የሚባለው ነዋሪ በዝቷል አሉ።»

«እና እነማንን ልጻፍ?»

«ሦስት ሰው ይደግፍ። አንዱ፣ ለወጉ ያህል፣ ጥያቄ ይጠይቅና ይመለስለት።»

የልብስ ሰፊውን ስም ነገራት፤ ጻፈች። የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ነገራት፤ ጻፈች። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቆየና የሽቦን እናት ስም ከነአባቷ ጠራ። «ሐሳቡን በሙሉ ልባቸው በመደገፍ፣ ሕንፃውን በራሳቸው ፈቃድ ለማስረከብ ዝግጁ መሆናቸውን ገልጸዋል።»

«ተስማምታለች?»

«ትስማማለች።»

«እምቢ ብትልስ?»

አባቷ አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ልጄ፣ ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ። አሁን በር ላይ ቆሞ የመኪና ታርጋ ይመዘግባል። ሌላ ጥፋት የለበትም፤ ቃለ ጉባኤው አንድ ቀን ዘግይቶበት ነው። ሰኞ ከክልል የሚመጡት እንግዶች ገና ከመኪና ሳይወርዱ የሚጠይቁት ይህን መዝገብ ነው። ጻፊ በይ።»

ጻፈች። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችው። መስመሩ ቀጥ ብሏል፣ ፊደሉ ያምራል። ምንም አልተሰማትም። ምንም አለመሰማቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አስፈራት።

አባቷ የማኅተሙን ቀለም ማስቀመጫ ከፍቶ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ደርቋል። «ከዕቃ ግምጃ ቤት ቀለም ይዤ ልምጣ። የመፈረሚያ ቦታ መተው እንዳትረሺ፣» ብሏት ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ሽቦ አንገቷን በበሩ አሰገገች። ስሟን የሚያስከብር ቅጥነት አላት፤ በሩ ግማሽ ተከፍቶ እንኳ ሳይነካት ገባች።

«አንቺ ደግሞ በቅዳሜ ቢሮ ትገቢያለሽ?»

«አባዬን እያገዝኩት ነው።»

«አቦ፣ ደሞዝ ይቁረጡልሽ እንግዲህ።» ከደብተሯ መሃል የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «እማዬ ናት የላከችኝ። ሰኞ ስብሰባው ላይ ልትናገር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትጽፍ ስትሰርዝ ከርማ፣ አሁን የራሷን ጽሕፈት ራሷ ማንበብ አቃታት። ‹ያቺ ልጅ ትገልብጥልኝ፣ የሷን ጽሕፈት ዓይኔ ያየዋል› አለች።»

ታይፕ ሳታስበው ክንዷን መዝገቡ ላይ አጋደመች።

«እኔ ሙድ ልይዝባት ፈልጌ ነበር፣» አለች ሽቦ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን መስታወት ፊት ቆማ ስትለማመድ አየኋትና አሳዘነችኝ። ሰው ፊት መናገር እኮ እንዴት እንደምትፈራ አታውቂም። እስከ ማታ ታደርሺልኛለሽ?»

«አደርስልሻለሁ።»

ሽቦ መዝገቡን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። የጓደኛዋን እጅ የምትጠረጥርበት ምክንያት አልነበራትም። ቤተ መጻሕፍት እጠብቅሻለሁ ብላት ሄደች።

ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው፤ ስርዝ ድልዝ በዝቶበታል። ታይፕ ቀስ እያለች አነበበችው። «ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፤ ስለዚህ ብንተባተብ ታገሡኝ» ይላል መጀመሪያው። ጣሪያው ባፈሰሰበት ክረምት መጻሕፍቱን በራሷ ብርድ ልብስ ሸፍና እንዳዳነች ይናገራል። በስም የማትጠቅሳቸው ሁለት ልጆች ጠረጴዛ እንዴት እንደጠገኑም አለበት። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፤ «ሕንፃውን መውሰድ ትችላላችሁ። ተስማምታ ሰጠች እንዳይባል ብቻ እለምናለሁ።»

ታይፕ መጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መዝገቡን አየች። ጆሮዋ ጋለ። አፈረች፤ ማፈሯንም አወቀችው።

አባቷን በር ላይ ቆሞ፣ ዝናብ እየመታው ታርጋ ሲመዘግብ አሰበችው። ሐሳቡ ከበዳት፤ ገፍታ ልታርቀውም አልቻለችም። ለረጅም ጊዜ እስክሪብቶዋን ይዛ ተቀመጠች። በመጨረሻ ማስመሪያውን አነሣችና «ሐሳቡን በሙሉ ልባቸው» ከሚለው ጀምራ እስከ «ገልጸዋል» ድረስ በአንድ መስመር ሰረዘች። ጎኑ ላይ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ ፈረመች። ከሥሩ የሽቦን እናት ስም እንደገና ጻፈች፤ አሥር መስመር ባዶ ተወች።

አባቷ የቀለም ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተሳስቼ ነው። ሰርዤ ፈረምኩ።»

«የቱ ነው ስሕተቱ?»

«እንደዚያ አላለችም።»

«ማንም ምንም አላለም እኮ፣ ልጄ።»

«እሷ ግን ልትል ነው።» ወረቀቱን ሰጠችው።

ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ጽሕፈቱ አስቸግሮት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ሁለቱንም ወንበሮች አልፎ ባለጉዳዮች የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ቀለሙን አጠገቡ አኖረው፤ ክዳኑን አልከፈተም።

«ሰዎቹ የመዝገቡ ጽሕፈት የማን እንደሆነ ያውቃሉ፣» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየው፤ ምንም የለበትም። እንደገና ገለበጠው። «ስንት መስመር ተውሽላት?»

«አሥር።»

አባቷ በእጁ ያሉትን ሁለት ገጾች ተመለከተ። «አይበቃትም፣» አለ። ወረቀቱን መልሶ ሰጣትና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ታይፕ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች። ከአሥሩ ሥር ሌላ አሥር መስመር ቆጥራ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገችና ዘጋችው። ከዚያ ከደብተሯ ንጹሕ ወረቀት አወጣች። «ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ» ብላ ጀመረች፤ የመጀመሪያው መስመር ግን እንደ ወትሮው ቀጥ አላለላትም።